ከዝርዝሩ ያልወጣችው ዐፊፋ

ኸድራ አሶሳ ውስጥ ኮሌጅ ገብታ ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጾሬ ወደሚገኘው የስደተኞች መጠለያ እየሄደች፣ ዘመድ ለሚፈልጉ ሰዎች በዐረብኛ ታስተረጉማለች። የመጠለያው ነዋሪዎች አራት መቶ ስም ከነቤት ቁጥራቸው የሰፈረበትን ወረቀት በጣት ማሰስ ሲሰለቻት ስሞቹን ላፕቶፗ ላይ አስገብታ የሚፈልግላት ፕሮግራም ጻፈች።

መጀመሪያ የመጣችው ሀዲል የምትባል ሱዳናዊት ናት። መንገድ ላይ የተለየቻትን ታናሽ እህቷን ዐፊፋን ትፈልጋለች። ኸድራ ስሙን ጻፈች። ፕሮግራሙ «የለም» አለ። ሀዲል የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ኸድራን ግን ነገሩ ከነከናት። ጠዋት በእጇ ያስገባችውን ስም ሞከረች፤ «የለም»። ሌላም ሞከረች፤ «የለም»። «አለ» ያላት የዝርዝሩን የመጀመሪያ ስም ስትሞክር ብቻ ነው። ክው አለች።

ሰኞ የፕሮግራሙን ኮድና የስሞቹን ወረቀት ለመምህሯ ለሙሉጌታ አሳየች። ሙሉጌታ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ኮምፒውተሩን ተይውና ዐፊፋን አንቺ ፈልጊ» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት።

ጣቷን አንደኛው ስም ላይ አሳረፈች። «አልአሚን። እሷ አይደለችም።»

«ኮድሽ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል?»

«የለም የሚል መልስ ሪተርን ያደርጋል።»

«ከዚያስ?»

«ያበቃል… መምህር፣ ሉፑ ሁለተኛውን ስም አያየውም!»

ያንን ሪተርን ስሞቹን በየተራ ከሚያየው ሉፕ ውጭ አወጣችው፤ አሁን «የለም» የሚለው ስሞቹ ሁሉ ታይተው ሲያልቁ ነው። ዐፊፋ መቶ ሠላሳኛው መስመር ላይ ተገኘች።

ኸድራ ቅዳሜን አልጠበቀችም። ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዛ ሄደችና ሀዲልን ፈልጋ አገኘቻት፤ ወደተጻፈው ቤትም ወሰደቻት። በሩን የከፈቱት ግን ዐፊፋ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ እናት ነበሩ።

«አፉ በይኝ» አለች ኸድራ አንገቷን ደፍታ።

«ስሙ እኮ የብዙ ሰው ነው» አለቻት ሀዲል።

ኸድራ ቀና አለች። ፕሮግራሙ አንዷን ዐፊፋ እንዳገኘ መልሱን ሰጥቶ ያቆማል፤ ከታች ሌላ ብትኖርም አይደርስባትም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተችና፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ መጨረሻ ላይ እንዲመልስ አስተካከለችው። ሀዲል አጠገቧ ቆማ ጠበቀች። ሦስት ዐፊፋዎች ወጡ።

«የአባትሽ ስም ማነው?» አለች ኸድራ። እስካሁን ይህን አልጠየቀችም ነበር።

«ሙስጠፋ።»

ሦስተኛዋ መስመር «ዐፊፋ ሙስጠፋ» ትላለች።

ዐፊፋ ልብስ ስታሰጣ ደረሱባት። ሀዲል እርጥቡን ልብስ ከእህቷ እጅ ተቀብላ ገመዱ ላይ ዘረጋችው፤ ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ያለቀሱት።