የኔታን ማን ያርማል?

ደምለው ደቦ ጠራ። ጤፍ ለማጨድ እንዳይመስላችሁ፤ መመሪያ ለመጻፍ ነው። ደምለው ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር መምህር ነው። በትርፍ ጊዜው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ላይብረሪ ሠርቶ ነበር። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት ቤት ማለቴ አይደለም፤ ሌላው ፕሮግራም ሠሪ በነፃ ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ የሚሰካው የተዘጋጀ ኮድ ነው። ይሄኛው አጽዋማትንና በዓላትን እንደ ባሕረ ሐሳብ ያወጣል። ኮዱ ልክ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለሌለው ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና በ2004 ክረምት አሥራ አንድ ፈቃደኞች ሰበሰበ። ገሚሶቹ እንደ የብርጓል ያሉ ተማሪዎቹ ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ድሮ ደብረ ወርቅ አብረውት የተማሩ ዲያቆናትና ቄሶች። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ አደላቸው። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው መርምሮ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ስሙን ካላኖረበት አይወጣም። አንዲት ፊደል የነካ ሁሉ ይመዘገባል፤ ማን የማንን ጽሑፍ እንዳረመ ዓለም ያየዋል።

ዋናውን ገጽ፣ የስሌቱን፣ ግን ከየኔታ ወልደ ገብርኤል በቀር ማንም እንዲሠራው አልፈለገም። የኔታ ደብረ ወርቅ ላይ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ዐይናቸው ከጠፋ ደግሞ አሥራ አምስት። ያኔ ደምለው ተማሪያቸው ነበር፤ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው፣ መጽሐፍ የሚያነብላቸው እሱ ነው። «ዐይኔ» ነበር የሚሉት። ከዚያ ወዲህ በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

በሚኒባስ ሄዶ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ቃላቸውን በስልኩ ቀዳ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

«እኔ ስሞት ትምህርቱ እዚያ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው?»

«ይቀራል፣ የኔታ።»

«እንግዲህ አደራ፣ ዐይኔ። ስሜ ያለበት ነገር ሰው እንዳያሳስት።»

ቅጂውን ወደ ጽሑፍ የገለበጠችው የብርጓል ናት። በሦስተኛው ቀን ግንባሯን ቋጥራ መጣች።

«ቲቸር፣ የየኔታ ምሳሌ ከኮዱ ጋር አልገጠመም። የ2005ን ጾመ ነነዌ ኮዱ የካቲት 18 ይላል፤ እሳቸው ጥር 20።»

ደምለው ቅጂውን ደግሞ ሰማው። ክው አለ። መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር ከዐሥራ አራት ከበለጠ፣ የነነዌ ጾም የሚቆጠርበት በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት፤ ይህን ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል። የኔታ ገልብጠውታል። አርባ ዓመት ያስተማሩትን!

ገጹን አብሮት ለተማረው ለቄስ እንዳላማው ላከው። «እኔ የኔታን ላርም? እጄ ይቆረጥ!» ብሎ መለሰለት። ሌላ ጓደኛው ጋ ላከው፤ እሱም ስሙን ሳያኖርበት መለሰው። ስህተቱ ጠፍቷቸው አይደለም። በዚያ ጉባኤ ያደገ ሰው በመምህሩ ይታረማል እንጂ መምህሩን አያርምም።

ደምለውስ? ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለ። ምን ብሎ? እየረሱ ነው ብሎ? በደቦ አጨዳ ሽማግሌ የሳተውን ወጣቱ ከኋላው ዝም ብሎ እንደሚለቅምለት፣ እኔም ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ ብሎ አሰበ። እዚህ ግን ዝም ብሎ መልቀም የለም፤ «ደምለው የኔታን አረመ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። ነገ ዛሬ ሲል መመሪያው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። «አንብቤዋለሁ» ብሎ ስሙን አኖረበት። የብርጓል አየችውና ወደ ራሷ ገጽ ተመለሰች። ፍቅር ነው የምትሉ በሉ፤ እኔ ግን ፍርሃት ነው የምለው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቁይ ከተማ ላይ አንድ ወጣት ያንን ገጽ ተከትሎ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አሳተመ፤ ከግርጌውም «በደብረ ወርቁ መምህር ወልደ ገብርኤል ስሌት» ብሎ ጻፈበት። አቶ ደመላሽ የሚባሉ ገበሬ ለጥር 21 የቆረጡት የልጃቸው ሠርግ በሦስቱ የነነዌ ጾም ቀናት ላይ የዋለ መሰላቸውና ወደ ጥር 14 ጎተቱት። ጠላው በቅጡ ሳይደርስ፣ ሉማሜ ያለው ዘመድ ሳይሰማ ልጅቱ ተዳረች። ጥር 20 ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋውን ይበላል። ሰውዬው ቀን መቁጠሪያውን ገንጥለው ደብረ ወርቅ ሄዱና በተማሪዎቹ መካከል የኔታ ጭን ላይ ጣሉት።

«ያንብቡት!» አሉ። የየኔታ ዐይን መጥፋቱን አላወቁም ነበር።

የኔታ ደምለውን አስጠሩት። ሲደርስ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱ አሁንም ጭናቸው ላይ ነው።

«ደምለው» አሉት።

በስሙ ሲጠሩት እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

«ገጹ ከመውጣቱ በፊት ያነበበው ሰው ነበረ?»

«ነበረ፣ የኔታ። እኔ ነኝ።»

«ስህተቱንስ አይተኸው ነበር?»

አላየሁም ማለት ይችል ነበር። ያምኑትም ነበር።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔስ ረሳሁ፤ ሽምግልና ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«አፈርኩ፣ የኔታ። እርስዎን ማረም…»

«ብትነግረኝ እኮ ሁለታችን ብቻ እናውቀው ነበር። ይኸው በማላውቀው ሰው፣ በልጆቼ ፊት ታረምኩ። የዚያች ልጅ ሠርግስ በምን ይመለሳል?»

ደምለው መሬት መሬት እያየ «ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ልጻፈው» አለ።

«ውሸት በውሸት አይታረምም። ወልደ ገብርኤል ተሳሳተ፣ ደምለው አረመ ብለህ ጻፍ። አቶ ደመላሽ ቤት ሄደን ይቅርታ እንላለን፤ ትመራኛለህ። አሁን ስልክህን ክፈት፣ እንደገና ልበልልህ።»

ከፈተው። የኔታ በጣታቸው እየቆጠሩ ጀመሩ።

«ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አምስት። ለዐሥራ ዘጠኝ ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ከዐሥራ ዘጠኙ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ ዐሥራ ስምንት ነው። መጥቅዑ ዐሥራ ሁለት። ከዐሥራ አራት ያንሳል፤ እንግዲህ በዓሉ በመስከረም…»

ደምለው ቀና አለ። እየፈተኑት መስሎት ነበር። ፊታቸው ላይ ግን የፈተና ምልክት የለም፤ ጣታቸው በእርጋታ ወደሚቀጥለው ቁጥር እየተሻገረ ነው። እንደ በፊቱ ዝም ማለት አማረው።

«በጥቅምት ነው፣ የኔታ» አለ።

ጣታቸው ቆመ።

«ምን ብዬ ነበር?»

«በመስከረም አሉ።»

የጠፉት ዐይኖቻቸው እንባ አቀረሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ የእሱን እጅ ፈለጉ፤ አገኙትና ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«በጥቅምት» አሉ። «ከመጀመሪያው እንጀምር፣ ዐይኔ። ስሳሳት አስቁመኝ።»

ደምለው በአንድ እጁ እጃቸውን እንደያዘ፣ በሌላው ቀረጻውን እንደገና ከፈተው።