ቆይቶ የሚቀላ ውሃ

ለቡ ውስጥ፣ እትዬ እማዋይሽ ግቢ፣ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ። የዚያን ቅዳሜም ጠዋት መጣ፤ ጥርት ብሎ። ጀሪካኖቹ ሁሉ ከአንዲት ቧንቧ ተሞልተው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእትዬ እማዋይሽ ምራት ናዝሬት ለልጇ ለማርቲ ልትቀዳ ጀሪካኗን ብታዘነብል፣ ብርጭቆው ውስጥ የወረደው የቀጠነ ሻይ የመሰለ ነገር ሆነ። ከሌሎቹ ጀሪካኖች ሲቀዳ ግን ውሃው ንጹህ ነው።

የናዝሬትን ጀሪካን ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ማርቲ ተቅማጥ ይዟት ሦስት ቀን ሆስፒታል ግሉኮስ ተተክሎላት ተኝታ ነበር። ስትወጣ ሐኪሙ፣ “ውሃዋን በመድኃኒት እያከማችሁ ስጧት” አለ። ናዝሬትም ከፋርማሲ የገዛችውን የውሃ ማከሚያ ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ በክዳኑ ለክታ ጀሪካኗ ውስጥ ጨምራለች።

“አየሽ!” አሉ እትዬ እማዋይሽ ብርጭቆውን እያሳዩ። “የእኔ ጥርት ያለ፣ የጎረቤታችን የከበበውም ጥርት ያለ። መድኃኒት የገባበት ብቻ ደም መሰለ። የልጅ ልጄን በዚህ ልትፈጂብኝ ነው?”

“እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ነው ያዘዘኝ።”

“እንግዲያው ሐኪሙ ይጠጣው!” ብለው የማከሚያውን ጠርሙስ ከእጇ ወሰዱና ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። “ከዛሬ ጀምሮ ማርቲ የምትጠጣው ከእኔ ጀሪካን ነው። ይኼን መድኃኒት ነገ እደፋዋለሁ።”

ናዝሬት ማርቲን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ልጅቷ እንደገና ብትታመምስ የሚለው ነገር ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

የሚኒባስ ሹፌሩ ከበበው በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። “ኦብሴ፣ ነይማ!” አለ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ዞሮ። “የቀለም ሰው አንቺ ነሽ። ይኼ ምንድን ነው የሚባለው፣ ጡብ ነው ቡና?”

ኦብሴ ኬሚስትሪ ተመርቃ፣ ሥራ ስታጣ አስፋልቱ ዳር ያለው ቀለም መሸጫ ተቀጥራለች። ግቢው ውስጥ ሁለት ዓመት ስትኖር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ድምጿን የሰማ የለም። አሁንም መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለችና ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገችው። አዟዙራ አየችውና፣

“እትዬ፣” አለች፣ “ከመድፋትዎ በፊት ከመድኃኒቱ ጥቂት ይሰጡኛል?”

“ለምንሽ?”

“እንዲሁ… ልየው ብዬ ነው።”

እትዬ እማዋይሽ በክዳኑ ጥቂት ቀንሰው ሰጧት። ኦብሴም ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አጥሩ ግንብ ላይ ደረደረች። አንደኛው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከመድኃኒት ጋር፣ ሁለተኛው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ፣ ሦስተኛው ውስጥ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ውሃ ከመድኃኒት ጋር። በየጠርሙሱ ላይ ቁጥር ለጠፈች።

“እትዬ ከአቦ ያመጡት ጠበል አለ አይደል? ለአራተኛ እሱን አድርጊ” አለ ከበበው።

“አፍህን ዝጋ አንተ! ጠበል ላይ በረኪና የሚሸት መድኃኒት ሊያስጨምር!” አሉ እትዬ እማዋይሽ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንደኛው ቀላ። ሦስተኛው ንቅንቅ አላለም። እትዬ እማዋይሽ ልብስ የሚያሰጡ መስለው በግንቡ በኩል አለፉ፤ ተመልሰውም አለፉ።

“ይኼኛውስ ለምን አልቀላም?”

“ቀዩን ያመጣው መድኃኒቱ ቢሆን ይኼም መቅላት ነበረበት” አለች ኦብሴ ቀስ ብላ።

“ሁለተኛውስ? መድኃኒት የለበትም፣ እንደ ጠራ ነው። እንግዲህ እኔ ነኝ ልክ።”

ኦብሴ ክርክር አይሆንላትም። “እስከ ነገ እንየው” ብቻ አለች።

በማግስቱ እሑድ እትዬ እማዋይሽ ከመካኒሳ አቦ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ በቀጥታ የሄዱት ወደ ግንቡ ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ ቀልቷል። ሥሩ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ነገር አርፏል። ወደ በረንዳው ሄደው ከራሳቸው ጀሪካን ቀዱ፤ እሱም ቀልቷል። ብርጭቆውን እንደ ያዙ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ዞሩ።

“ኦብሴ!” ብለው ተጣሩ። “ይኼ ምንድን ነው?”

“ብረት ይመስለኛል እትዬ። ሰሞኑን በቧንቧ የሚመጣልን ከጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ብረት ይሟሟል፤ ሲቀዳ አይታይም። አየር ሲያገኘው ግን ቀስ እያለ ይዝጋል። መድኃኒቱ አቻኮለው እንጂ ከራሱ ያመጣው ነገር የለም።”

“አንቺ ለካ ታወሪያለሽ!” አለ ከበበው።

“ቆይ፣ ቆይ” አሉ እትዬ እማዋይሽ። “ሰሞኑን ሻዬ እንደ ቀለም የሚጠቁርብኝስ?”

የኦብሴ ዓይን በራ። “ይጠቁራል? ልክ ነው! ሻይ ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል!” አለችና ድምጿ መጮሁን ስታውቅ አፏን በእጇ ሸፈነች።

“ይገድላል ታዲያ?”

ኦብሴ አይገድልም ብላ ብትገላገል ደስ ባላት። ናዝሬት ማርቲን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

“ዝገቱ ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ቀለም የሌለው ነው። ማርቲን ያሳመማት ነገር በዓይን አይታይም። እሱን የሚገድለው ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ያለው ነው። ውሃው ውስጥ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር ግን ሳይመረመር አላውቅም።”

እትዬ እማዋይሽ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ አሳረፉ። “ቀይ ውሃ ግን ለልጅ አልሰጥም።”

“ቀዩ መጀመሪያ ይውጣለት። ከዚያ መድኃኒቱ።”

ኦብሴ ዝገቱ ሌሊቱን የዘቀጠበትን የጀሪካን ውሃ ከላይ ከላይ ገልብጣ፣ የታጠበ ነጭ ጨርቅ አጥፋ በእሱ ደጋግማ አጠለለችው። ጨርቁ ወርቅማ ሆኖ ቀረ። የጠለለው ውሃ ላይ ከትናንቱ የተረፋትን መድኃኒት አንጠባጥባ አራተኛ ጠርሙስ አደረገችው። እትዬ እማዋይሽ በርጩማ አምጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ናዝሬት ቆማ ጠበቀች። ኦብሴም የልብሷን ጫፍ እያፍተለተለች ጠበቀች፤ ካጠለለችው ያመለጠ ብረት ካለ ይቀላል፣ ያን ጊዜ የምትለው የላትም።

አንድ ሰዓት ሞላ። ውሃው እንደ ጠራ ነው።

እትዬ እማዋይሽ ጠርሙሱን አንስተው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ወደ ፀሐይም ከፍ አደረጉት፤ ልክ ኦብሴ እንዳደረገችው። ከዚያ ማከሚያውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

“ናዝሬት፣ ለአንድ ጀሪካን ክዳኑን ሙሉ ነው ግማሽ?”

“ሙሉ፣ እማማ።”

“ጨርቁን ደህና አድርገሽ እጠቢው እንግዲህ።” ደግሞ ወደ ኦብሴ። “ለምርመራ የት ነው የሚወሰደው? ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ ነው የምትመለሺው።”

ኦብሴ ሳቀች። እትዬ እማዋይሽ ግን ገና አልጨረሱም። “ስሚማ፣ የዝናብ ውሃስ አምስተኛ ጠርሙስ አድርገን ብናየው?”