የይታየው አሥራ ሁለተኛ ወር

ይታየው ከሞተ አሥራ አንድ ወር ሲሞላው፣ ልጁ ዮራም ለሟች የሚባለውን ጸሎት፣ ቃዲሹን አቆመ። ጥሩአለም ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ወር አይበቃውም።

«እማዬ፣ ዳይ፣ በቃ!» አላት ዮራም። «ገሃነም ቢበዛ አሥራ ሁለት ወር ነው። እስከ መጨረሻው የሚጸለየው ለራሻ፣ ለክፉ ሰው ነው። አባቴን በሰው ፊት ላዋርደው?»

«ክፉ አልነበረም ያለህ ማነው?»

ጎንደር ሳሉ ተዝካር ወጥቶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ይሄድ ነበር፤ ቃዲሽን የተማሩት እዚህ እስራኤል ከመጡ ወዲህ ነው። እስቲ የሌላው ሰው ገሃነም እንዴት ነው ብላ፣ ቲማቲም እንደሚያማርጥ ሰው ስትዞር ሰነበተች። በሐደራ ገበያ ሎሚ የሚሸጠው እስላም «የእኛ ሰባት በር አለው» አላት። ሰባት በር! ይታየው የገዛ ቤቱን አንድ በር እንኳ ዘግቶ አያውቅም። ክርስቲያኗ ሩሲያዊት ጎረቤቷ «ለዘላለም ነው» ስትላት፣ «ያንቺስ ይቅርብኝ» ብላ ሄደች። ፎቅ ላይ ያሉትን አሮጊት የምታስታምመው የስሪላንካ ልጅ ደግሞ፣ በእነሱ ዘንድ በረዷማ ገሃነምም እንዳለ ነገረቻት። ይኼኛው አስደነገጣት። ይታየው በሐደራ ሙቀት ካልሲውን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው ነበር።

ከሁሉም የራሷ ሻላት። ልክ አለው፤ በሰንበትም እሳቱ ያርፋል። ግን አንድ ወር ቀረ። ያንን ወር ማን ይድረስለት?

ሰኞ ጠዋት ጸሎት ቤቱ፣ ቤት ክኔሴት ገብታ ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ቆመች። ሐዘንተኛ ተነስቶ ቃዲሽ የሚልበት ሰዓት ደረሰ። ዮራም አቀርቅሮ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ተነስ!» ብላ ጮኸች። «አባትህ ክፉ ነበር! ይዋሻል፣ ይሳደባል፣ በአስተስርዮ ጾም መታጠቢያ ቤት ተደብቆ ሙዝ ሲበላ በዓይኔ አይቼዋለሁ! እኔ ምስክር ነኝ!»

ዮራም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከፊት ወንበር ግን የይታየው የካርታ ጓደኛ፣ አቶ አያና፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነቷን ነው። ካርታም ይሰርቅ ነበር። እኔም ምስክር ነኝ።»

«እኔም!» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው።

ዮራም ምን ያድርግ፣ ተነሳ። ያ ቤት ያን ቀን እንዳለው ጮክ ብሎ «አሜን» ብሎ አያውቅም።

ሲወጡ የልጁ ፊት ገና እንደቀላ ነበር። «ይህን ያህል ከጠላሽው ለምን ትደክሚለታለሽ?»

«ማን ጠላው አለህ? ናፍቆኛል እንጂ!» አለች ጥሩአለም። «ከእሳቱ ብቻ ያውጡልኝ። የቀረውን እኔ ስመጣ እጨርስለታለሁ።»