ከሰማይ የተመለሰ አራት ሰዓት

ልብስ ሰፊዋ አያት አውሮፕላን ላይ ለመውጣት እሺ ያሉት ቲኬቱን በገዛ ዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው። መነሻ አራት ሰዓት፣ መድረሻ አምስት ሰዓት ይላል። «አንድ ሰዓት ማለት እኮ አንድ ሱሪ ማሳጠር ነው» አሉና የመጨረሻ ልጃቸውን የሙሽራ ቀሚስ መተኮስ ጀመሩ። ሙሽራዋ የምትዳረው ባሕር ማዶ ነው። እሳቸው ካልሄዱ ያለ እናት ልትዳር ነው።

ወሬ አታሳድርምና ቤተሰቡ «ሬዲዮ» የሚላት የልጅ ልጃቸው ግን ሆዷ አልችል አለ። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል አራት ሺህ ኪሎ ሜትር አለ፤ በረራው አምስት ሰዓት ይፈጃል። ዝም ብትል አያቷ ይሄዳሉ። ዳሩ አንድ ሰዓት እንደሞላ ቀበቷቸውን ፈተው ሰማይ መሀል «ወራጅ አለ!» ሲሉ ታያትና ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስገለፍጥሻል?»

«እማማ፣ ብነግርዎት አይቆጡም?»

«እንዲህ ብለሽ ጀምረሽ ሳልቆጣ የቀረሁበት ቀን አለ?»

ነገረቻቸው። አያት ካውያውን አቆሙ፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዓለም ካርታ ከእነሱ አገር እስከ ሙሽራዋ አገር ያለውን ለኩ።

«ይቺ የሕፃን እጅጌ ናት! ለሕፃን እጅጌ አምስት ሰዓት? ነጂው በየመንገዱ ሰው ሊጭን ነው እንዴ?»

«ካርታው ዓለምን አጥብቦ ሰፍቷት ነው፣ እማማ።»

«አልሄድም! አምስት ሰዓት ሙሉ እጄን አጣጥፌ እንደ ሻንጣ ልቀመጥ? ቀሚሱ ብቻውን ይሂድ!»

ሬዲዮ ክው አለች። ምላሷ ያበላሸውን ምላሷ ካላቃናው አክስቷ ዕድሜ ልኳን አትምራትም።

«ቆይ እንጂ፣ መቼ ጨረስኩና! እዚያ አገር ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትወጣው። ሲደርሱ የእጅ ሰዓትዎን አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። አምስት ሰዓት ከፍለው አራቱ ይመለስልዎታል ማለት ነው። ቲኬቱ አንድ ያለው ለዚህ ነው።»

«ይመለስልኛል? ለእኔ?»

«ለእርስዎ!»

«ማንም አይነካብኝም?»

«ማን ደፍሮ!»

አያት ፊታቸው በራ። «አራት ሰዓት ከእርጅናዬ ላይ ተቀነሰልኝ በይኛ! ምነው ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ሻንጣውን አምጪ!»

ሄዱ። በሠርጉ ማግስት ስልክ ተደወለ።

«ሬዲዮ! ቀሚሱ ልክክ ብሎላት ጉድ ተባለ። እኔም ጨፍሬ ጨፍሬ ጉልበቴ ከዳኝ። አሁን ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ስመለስ አራቱን ሰዓት መልሰው ይወስዱታል የሚሉት እውነት ነው?»

«እ… አዎ፣ ግን…»

«ግን የለም! የሰጡኝን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም። ለአባትሽ እንዲሁ በይልኝ።»

«እስከ መቼ ልበለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ገና አንዱን ሰዓት እንኳ አልነካሁትም!»