የቄሱ ልጅ ጾም

ሔራን ሚዛኑ ላይ እንደወጣች ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሟ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ልጄ! ዐቢይ ጾም አይደል እንዴ?" አሉ ከአንኮበር ይዘዋት የመጡት አባቷ፣ ቄስ ሠረቀብርሃን። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። እኛ ቤት እንደሷ የሚጾም የለም።"

ሔራን ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ቅዳሴ ላይ ስትቁነጠነጥ፣ ክፍል ውስጥ ስትለፈልፍ፣ ጎረቤቱ "የቄሱን ልጅ ሰይጣን ይዟታል" ይል ነበር። ደብረ ብርሃን መጥታ ስትመረመር ትኩረት የማጣት ችግር ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጀመረች። እሰይ፣ ረጋች! ትምህርቷንም ያዘች። ሳቋ ግን ጠፋ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትተኛለች። አባቷ ጭምትነት መሰላቸው። ጾሙ ገብቶ ምግብ ስትገፋማ በየሰንበቴው አወሩላት።

"አባ፣ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል" አለች ሐኪሟ። "በልታ ነው መዋጥ ያለባት። መጠኑንም እቀንሳለሁ። ድካሙና ሐዘኑ ግን ለብቻው መታከም አለበት፤ በየሳምንቱ እየመጣች ታነጋግረኛለች።"

"ሐዘን? ምን ጎድሎባት?"

"አባባ፣ እኔ እኮ አልጾምኩም" አለች ሔራን። "መብላት አስጠልቶኝ ነው። ሁሉም ነገር አስጠልቶኛል። እርስዎ በሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ እውነቱን መናገር አፈርኩ።"

"የታመመ ሰው ጾም የለበትም" እያሉ ስንቱን የንስሐ ልጅ ያስበሉ ሰው፣ የገዛ ልጃቸውን አስርበው ከረሙ።

ከዚያ ወጥተው መናኸሪያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ገቡ። ገና ረፋድ ነው። አስተናጋጇ ጥምጥማቸውን አይታ ደነገጠች።

"አባቴ፣ በጓሮ በኩል ሰው የማያይበት ክፍል አለ" አለች በሹክሹክታ።

በመንገዱ የአንኮበር ሰዎች ወደ መኪናቸው ያልፋሉ። አንዱ ቆሞ እጅ ነሳቸው።

"እዚሁ ይሁን" አሉ ቄስ ሠረቀብርሃን፣ በሩ ሥር እየተቀመጡ። "ለልጄ ሽሮ አምጪላት።"

"አባባ፣ ሰው ያያል" አለች ሔራን።

"ይይ። ሳላይሽ የከረምኩት እኔ ነኝ።"

ሽሮው ሲመጣ በእጃቸው አጎረሷት። ቀስ ብላ አላመጠችው፤ እንባዋ ወረደ።

"አይጣፍጠኝም፣ አባባ።"

"አውቃለሁ ልጄ። ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ። ሁለተኛውን ጠቅልለው፣ እስክትውጥ ድረስ ይዘው ጠበቋት።