የክሌም መለኪያ እንጨት

በረዶን እንደኔ የጠላ ሰው በተራራው ሥር መንደራችን ካሮክ ውስጥ የለም። ሲጥል ስልኩ አያርፍም፤ ሲቀልጥ ደግሞ ገበያው ይሞታል። አርባ አንድ ዓመት የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ኪራይ ሱቅ ይዤ ስኖር የስንቱን እግር ጫማ ውስጥ እንደወተፍኩ እኔና አንድ አምላክ ነን የምናውቀው። የራሴን እግር ግን አንድም ቀን ስኪ ላይ አሳርፌው አላውቅም። ደንበኞች ሲጠይቁኝ «ልኳንዳ ቤት ያለው ሁሉ ሥጋ ይበላል ያለው ማነው?» እላቸውና የጫማ ቁጥራቸውን እጠይቃለሁ።

ባሌ ክሌም ሌላ ፍጥረት ነው። ሠላሳ አንድ ክረምት ሙሉ የተራራውን የበረዶ ዘገባ የሚያወጣው እሱ ነበር። ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ በገዛ እጁ ጠርቦ በቢላ ምልክት ያደረገባትን እንጨት በረዶው ውስጥ ይተክላል፣ ይቆጥራል፣ ይወርዳል። ለሬዲዮ ጣቢያው ከመደወሉ በፊት ሱቅ ይገባና ዘገባውን ለኔ ያነብልኛል። እኔ የስኪ ጠርዝ እየሳልኩ፣ ጫማ በየቁጥሩ እየደረደርኩ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ። ስንት ሳንቲ ሜትር እንደጣለ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደመጣ፣ የት ጋ ድንጋይ እንዳፈጠጠ፣ የትኛው ጅረት ገና እንዳልተሸፈነ። እኔ «እህ» እላለሁ። አንዳንዴ «እህ» ማለቱንም እረሳዋለሁ። ነገሬ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር።

በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ጠዋት ደግሞ «ዛሬ እንኳ አብረን እንውጣ» ይለኛል።

«ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?» እለዋለሁ። «በሚቀጥለው።»

አሁን ሱቁ ተሽጧል። ክሌም ደግሞ ሳንባው አልሆነለትም። ሁለት ዓመት ሆነው ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫው ካስገባ፤ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሐኪሙ እንቅጩን ነገረን፤ ይሄ ከፍታ ይገድለዋል፣ ወደ ባሕሩ ውረዱ አለን። ልጃችን ጆስሊን በባሕሩ ጠረፍ፣ ሜሪምቡላ ላይ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘችልን። የምንወርደው ቅዳሜ ነው። ተራራው ለስኪ የሚከፈተው በሰኔ፤ ያኔ እኛ የለንም። ክሌም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

«ቤሪል፣ ስልሳ ይላል» አለኝ።

«ምኑ?»

«በረዶው። ሌሊት ስልሳ ሳንቲ ጥሏል ብለው ጽፈዋል።»

በመስኮቱ አየሁ። መንደሩ ላይ የጣለው ጫማ እንኳ አይሸፍንም፤ ከላይ ያለው ሁሉ ደመና ውስጥ ነው። የኛ መስኮት እንደሆነ ደኅና ቀንም ቢሆን ከመኪና ማቆሚያው ሌላ አያሳይም።

«ግንቦት ውስጥ...» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ግንቦት ውስጥ ከሠላሳ አምስት በላይ ለክቼ አላውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት።»

«እንግዲያው ደስ ይበልህ።»

«እውነት ከሆነ ነዋ። አሁን ዘገባውን የያዙት ልጆች ሳይወጡ ነው የሚጽፉት፤ ላይ የተሰቀለውን ካሜራ አይተው። ሂጂና እይልኝ።»

«እኔ?»

«ካንቺ ሌላ የማምነው የለኝም። ዴስ ወንድሜ ነው፤ ግን ደስ እንዲለኝ ብሎ ይዋሻል። አንቺ እኔን ደስ ለማሰኘት ዋሽተሽ አታውቂም።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። ዓይኑን ሳየው ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ስልሳውን ፈልጎታል፤ እንዳያምነው ደግሞ ፈርቷል። ይሄ በረዶ ለሱ የመጨረሻው ነው፤ ከምሳ በኋላ ዝናብ ይመጣል ተብሏል፣ እስከ ማታ ታጥቦ ያልቃል። አንድ ሰው ወጥቶ በእጁ ካልነካለት ምን እንደነበረ ሳያውቅ ሊወርድ ነው።

እንጨቷን ከበሩ ጀርባ አነሳሁ።

«ስትተክያት...» ብሎ ሲጀምር ሳል ያዘው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እንጨት መትከል አያቅተኝም። ሻይህን ጠጣ» ብዬው ወጣሁ። ይሄ ምላሴ አንድ ቀን ጉድ ይሠራኛል።

ዴስ የክሌም ታናሽ ነው፤ በሰንሰለት የሚሄደውን የበረዶ መደልደያ ማሽን ይነዳል። ጋራዡ ውስጥ አገኘሁትና ወደ ላይ አድርሰኝ ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ» አለ። «አንቺ? ተራራ?»

«አፍህን ሳይሆን ሞተሩን አሙቅ።»

በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተንገጫገጭን ወጣን። የዓመቱ መጀመሪያ በረዶ ማሽን አይወድም፤ ከሥሩ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሰንሰለቱ ድንጋይ ይነክሳል። ዴስ ለያንዳንዱ ድንጋይ የተለየ ስድብ ነበረው። ደመናው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ የማየው የራሴን ጉልበት ብቻ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ፣ የድሮ ከብት ጠባቂዎች የሠሯት የእንጨት ጎጆ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ አይሄድም። ጅረቱ ገና አፉን እንደከፈተ ነው። ስልክም አይሠራም፤ እንዳትደውዪለት።»

ወርጄ ከጎጆዋ ግድግዳ አጠገብ እንጨቷን ተከልኩ። ገባች፣ ገባች፣ ገባች። ጎንበስ ብዬ ምልክቶቹን ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ።

ደስታዬን አልደብቅም፤ ከሰው ዓይን ውጪ ብሆን እዘል ነበር። ዴስም መስኮቱን ከፍቶ አጨበጨበ። «በቃ፣ እንውረድ፤ ንገሪውና ይሙትልሽ ከደስታ» አለ። አንድ እግሬን ማሽኑ ላይ አድርጌ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከአፌ ሳላስበው የወጣው፤

«ጎጆ ሥር ያለው የነፋስ ነው እንጂ የሰማይ አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ እንጃ።»

ግን አውቄዋለሁ። ዞሬ አየሁት፤ በረዶው ግድግዳውን ተደግፎ ሽቅብ ተቆልሏል፣ ነፋስ ጠርጎ ያጠራቀመው ነው። ካሜራቸውም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሄንኑ ክምር ያያል። ሜዳ ላይ ነው የሚለካው። ሦስት ቦታ፤ መካከለኛው ይያዛል። ማን ነገረኝ? ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም።

«ቤሪል፣ ስሚኝ» አለ ዴስ፤ ቀልዱን ትቶ። «ቅዳሜ ይዘሽው ልትወርጂ ነው። ወንድሜ ከእንግዲህ በረዶ አያይም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ስልሳውን ይዞ ቢወርድ ማንን ይጎዳል?»

እውነቱን ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ልቤም ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ነገር ግን «ካንቺ ሌላ የማምነው የለኝም» ያለኝ ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ውሸቴን ደግሞ ገና በሩን ሳልዘጋ ያውቀዋል።

«መጣሁ» አልኩ።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ የራሴ ነው።»

ብቻዬን ሽቅብ ያዝኩ። ውኃው ከሥር ሲንሾካሾክ ይሰማኛል፤ በላዩ ያለው በረዶ ስስ ነው፣ የረገጠውን ይውጣል። ሦስቱ ባሕር ዛፎች ከተጣበቁበት በላይ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ጋ ይሻገራሉ። ይሄንንም አወቅሁት። ዛፎቹን በዳበሳ አግኝቼ፣ በእንጨቷ ድንጋዩን ኳ አድርጌ ተሻገርኩ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ቆምኩ፣ ደግሞ ሄድኩ።

ከዚያ ከደመናው ወጣሁ።

እንዴት ብዬ ልናገረው? ራሴ መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻዬ፤ ከጥልቅ ውኃ እንደሚወጣ ሰው። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከታች ደመናው ሸለቆውን ሁሉ ሞልቶ ተኝቷል፤ ካሮክም፣ ሱቄም፣ መኪና ማቆሚያውም እዚያ ሥር ናቸው፣ የሉም። በፊቴ ያለው ሜዳ ገና ማንም አልረገጠውም። ባሕር ዛፎቹ ግንዳቸው ረጥቦ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው መስመር ሁሉ ወጥቷል፤ ቅጠላቸው በረዶ ተሸክሞ እስከ መሬት ጎንብሷል። አንድ ዎምባት፣ ያ ድብልብል ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ፣ በሌሊት ሜዳውን በሆዱ እያረሰ አቋርጦ ሄዷል፤ ከሱ ቦይ በቀር ጭረት የለም። ድምፅ የለም። የራሴን ልብ ምት ሰማሁ፤ እሱም አሳፈረኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያስል ሰው።

ተቀመጥኩ። እዚህ ተራራ እግር ሥር አርባ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ይሄ ነገር በየክረምቱ ከራሴ በላይ ሲሆን ኖሮ፣ እኔ ጫማ ስቆጥር። እንባዬ መጣ። በደስታ እንዳይመስላችሁ፤ በራሴ ተናድጄ ነው። ያ ሰው በየዓመቱ ለመነኝ። «በሚቀጥለው» አልኩት።

ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ስትል ሜዳው ሁሉ አበራ፤ ዓይኔን ጨፍኜም አየሁት። በሕይወቴ ትንሽነቴ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። አንደኛው ቦታ ሃያ አራት። ሁለተኛው ሃያ። ሦስተኛው፣ መጨረሻው ዛፍ አጠገብ፣ ሃያ ሁለት። ጓንቴን አውልቄ እጄን እስከ ክንዴ አጋማሽ ድረስ ሰደድኩ፤ ከሥር ሣሩን ነካሁት። ለስላሳ ነበር፣ ገና አልደረቀም። ሃያ ሁለት ሳንቲ ተራራ አይከፍትም። ሃያ ሁለት ለዜናም አይሆንም። እንጨቷን ጠረግሁና ወረድኩ።

ዴስ ሲያየኝ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ፊቴን አይቶ ብርድ ልብስ አቀበለኝና ሞተሩን አስነሳ። መንደር ስንደርስ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መስታወቱን መምታት ጀምረዋል።

ክሌም እንደተውኩት ተቀምጧል። ሻዩ አልተነካም። ከነጫማዬ ገባሁ፤ ምንጣፉ ላይ ውኃ እያንጠባጠብኩ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እሱ ሱቁ በር ላይ ይቆም እንደነበረው።

«እ?» አለ።

«ሃያ ሁለት» አልኩት።

ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ስልሳው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት፤ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ምናለ ስልሳ ብዬው ቢሆን አልኩ በልቤ።

«ካሜራው ግን ስልሳ...»

«ጎጆው ሥር ስልሳ አንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ። እሱ የነፋስ ነው። ሜዳው ላይ ሦስት ቦታ ተከልኩ፤ ሃያ አራት፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት። መካከለኛውን ያዝኩ። ጅረቱ አልተሸፈነም፤ ከሦስቱ ዛፎች በላይ ነው የተሻገርኩት። ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። ሣሩ ገና ለስላሳ ነው።»

ክሌም እጁን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ።

«ቤሪል» አለ፣ ከእጁ ሥር። «ለካ ትሰሚኝ ነበር።»

እንጨቷን ወደ በሩ ጀርባ መለስኳት።

«ሁሉንም አልሰማሁም» አልኩት። «በየዓመቱ እንውጣ ስትለኝ የነበረውን አልሰማሁም። ይቅር በለኝ።»

እጁን ከፊቱ አወረደና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ነይ ተቀመጪ። ዝናቡ ሳያጥበው ንገሪኝ። ቁጥሩን ተይውና ያየሽውን» አለኝ።

ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ የቀዘቀዘውን እጄን እጁ ውስጥ አደረግሁለትና ከሣሩ ጀመርኩለት።