ያልነደደውን ማጠጣት

ክረምቱን ሙሉ ኦቦ ዲሪርሳ በምራታቸው በሄመን ሲስቁ ከረሙ። ሄመን የቤቱን ቆርቆሮ ዙሪያ አሸንዳ አስገጥማ፣ የጣራውን ዝናብ ድንጋይ ላይ ወዳስቀመጠችው ትልቅ ሮቶ ታወርዳለች።

«በሱሉልታ ክረምት ውሃ ማጠራቀም! ነገ ደግሞ ጭቃ ታጠራቅሚያለሽ!» ይሏታል።

«አባባ፣ ይሄ የእሳት ነው። የእሳት አደጋ መኪና ከከተማ እስኪደርስ ምን ይተርፈናል?»

ጥር ላይ፣ ባሏ ጋሮማ ጫንጮ ገበያ በሄደበት ቀን፣ ነፋሱ ከጎረቤታቸው ከወርቅቱ አመድ ውስጥ ፍም አንሥቶ የሽማግሌው የሳር ክምር ላይ ጣለው። ክምሩ ከቤቱ አሥር እርምጃ አይርቅም።

«እሳት! ኢቢዳ! ኢቢዳ!»

መንደሩ መንሽ መንሹን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። እንደ ልማዱም የተረፈውን ሳር ለማዳን ክምሩን ይንድ ጀመር። በተናደ ቁጥር የነደደው ሳር ነፋሱ ላይ እየተሳፈረ ወደ ቤቱ ይበራል።

ሄመን ሮቶው ሥር ወዳለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ሮጣ ገመዱን ሳበች። ዝም። ደገመች፤ ሳለ። በሦስተኛው አጓራ! የውሃው ጎማ በእጇ ውስጥ እንደ እባብ ተፈራገጠ።

«ወዲህ! ሳሬ ላይ!» ኦቦ ዲሪርሳ ጮኹ።

ሄመን ክምሩን አየችው። እሳቱ ልቡ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ሮቶ አይበግረውም። ውሃውን አዙራ ደረቁ ግድግዳና የጣራው ጠርዝ ላይ ለቀቀችው።

«አብዳለች! ያልነደደ ቤት ታጠጣለች!» አለች ወርቅቱ።

«ክምሩን አትናዱት! ባለበት ይንደድ!» ጮኸች ሄመን።

ማን ሰምቷት! ያኔ አንድ እፍኝ የሚንቀለቀል ሳር በርሮ መጥቶ የጣራው ጠርዝ እንጨት ላይ ዐረፈ። እርጥቡ እንጨት ላይ «ጢስስ» ብሎ ጠፋ።

ኦቦ ዲሪርሳ መንሻቸውን አግድም ይዘው ሰዉ ፊት ተገተሩ። «ተዉት! ልጄ ያለችውን አትሰሙም?»

«ሳርዎስ?» አለች ወርቅቱ።

«ሳር ይበቅላል! ይልቅ ባልዲ አምጪ፤ ባመድሽ ያቃጠልሽን አንሶ ቆመሽ ታወሪያለሽ!»

ክምሩ በራሱ ላይ ተደርምሶ ሲከስም ሮቶው ባዶ ሆነ፤ ሞተሩም አየር ስቦ ዝም አለ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች እየተንጠባጠበ ቆሟል። ሄመን እየሳቀች ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ፊታቸው ጥላሸት እንደለበሰ አጠገቧ መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሏት፣ «የበረቱም ጣራ እኮ ቆርቆሮ ነው። አሸንዳ ሳታስገጥሚለት ለምን ዝም አልሽው?»